ማሽኑ የተማረው በማን ልብ ነው? የልብ ምት መረጃና የማሽን ለርኒንግ ዳሰሳ

ጤነኛ ልብ ምቱን እኩል እየከፋፈለ አይመታም። በደቂቃ 60 ጊዜ የሚመታ ልብ በየሰከንዱ አንዴ ይመታል ማለት አይደለም፤ በአንዱ ምትና በቀጣዩ መካከል 940 ሚሊሰከንድ ሊያልፍ፣ ቀጥሎ 1,050፣ ከዚያ 990 ሊሆን ይችላል። አየር ወደ ውስጥ ስንስብ ምቱ ፈጠን ይላል፣ ስናስወጣ ይረጋጋል። ምቱን የሚያስነሳው ሳይነስ ኖድ የተባለው የልብ ክፍል ከነርቮች ቁጥጥር ነጻ ቢሆን ኖሮ የወጣት ሰው ልብ በእረፍት ላይም በደቂቃ 100 ገደማ ይመታ ነበር። ወደ 60ና 70 የሚያወርደው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ሩጫ፣ ድንጋጤ፣ ትኩሳት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እርግዝና፣ የደም ማነስ፣ ሁሉም በምቶቹ ሰንሰለት ላይ ምልክታቸውን ይተዋሉ። አስቸጋሪው ነገር ሁሉም የሚጽፉት በአንድ መስመር ላይ መሆኑ ነው። ደረጃ ሮጦ የወጣም፣ ወባ የያዘውም፣ መጥፎ ዜና የሰማም ሰው ሰዓቱ ላይ 110 የሚል ቁጥር ሊያይ ይችላል።

ማሽን ለርኒንግ ወደዚህ መስክ የገባው ከቁጥሩ ተነስቶ ወደ ምክንያቱ ለመድረስ ነው። በአርባ ዓመታት ውስጥ የተሠራው ሥራ ብዙ ነው። ሥራዎቹን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ያያል፦ የስሌቱ ርቀትና የታማሚው ጥቅም አብረው አይሄዱም። እንደ እኔ እምነት ውጤቱን የሚወስነው ሞዴሉ በማን ልብ ላይ እንደተማረና ማስጠንቀቂያው ከተሰማ በኋላ ማን ምን እንደሚያደርግ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መረጃው ከየት እንደሚመጣ እንይ። ኔዘርላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ በጥራት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠርተው በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሸለሙ፤ ዛሬ ኢሲጂ የምንለው ከዚያ የወረደ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ደግሞ ሰው መሣሪያውን ይዞት እንዲንቀሳቀስ አደረጉ። የመጀመሪያው በጀርባ የሚታዘልና 38 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነበር። ዛሬ ሐኪም «ሆልተር ይደረግልህ» ሲል የሚያዘው ኪስ የሚገባ ዕቃ ነው። በኢሲጂ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሹል ጫፍ አር ይባላል፤ ከአንዱ አር እስከ ቀጣዩ ያለው ጊዜ የልብ ምት መረጃ ጥሬ ዕቃ ነው። ጂያፑ ፓንና ዊሊስ ቶምፕኪንስ በ1985 ይህን ጫፍ በቅጽበት የሚለይ ስልተ ቀመር አወጡ። ምንም «የተማረ» ነገር የለበትም፤ ጩኸቱን ያጣራል፣ የመስመሩን አቀበት ያሰላል፣ ያጎላዋል፣ ከወሰን ያለፈውን ይቆጥራል። ዛሬም ድረስ ብዙ ዘመናዊ ሞዴሎች ሥራቸውን የሚጀምሩት ይህ ስልተ ቀመር ከለየላቸው ምት ነው።

በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ሰዓት ግን ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ነው የሚያነበው። ከጀርባው ያሉት ትናንሽ አምፖሎች አረንጓዴ ብርሃን ወደ ቆዳ ይልካሉ። ደም አረንጓዴ ብርሃንን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ወደ አንጓው የሚደርሰው ደም ሲጨምር የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል። ሰውየው ጋደም ብሎ ሳለ ይህ በደንብ ይሠራል። መሮጥ ሲጀምር ክንዱ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱ በቆዳው ላይ ይንሸራተታል፣ የደም ስሩ ውስጥ ያለው ደምም አብሮ ይናጣል። ጥሩ ሯጭ በደቂቃ 175 ገደማ እርምጃ ይረግጣል፤ ሰዓቱም ያንን የእርምጃ ምት የልብ ምት ብሎ ሊቆጥረው ይችላል። ስህተቱን አደገኛ የሚያደርገው 175 ለሚሮጥ ሰው ሊታመን የሚችል የልብ ምት መሆኑ ነው። ቁጥሩ ራሱ ውሸቱን አያጋልጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የእንቅስቃሴ ሴንሰሩን ንባብ ከብርሃኑ ንባብ ጋር አጣምረው እርምጃውን ከምቱ የሚለዩ ዘዴዎችን ሠሩ። በ2015 የታወቀው የመፈተኛ ስብስብ በመሮጫ ማሽን ላይ የሮጡ 12 ሰዎችን ብቻ የያዘ ነበር። በ2019 ፒፒጂ ዳሊያ የተባለው ስብስብ 15 ሰዎችን ደረጃ ሲወጡ፣ ብስክሌት ሲጋልቡ፣ መኪና ሲነዱ፣ ምሳ ሲበሉ መዝግቦ ሲያቀርብ፣ ለመሮጫ ማሽን ተስተካክለው የነበሩት ዘዴዎች ተንገዳገዱ፤ ከዳታ የሚማሩ ኒውራል ኔትወርኮች ተሻሉ። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ነገር ቤትና መንገድ ላይ ሌላ እንደሚሆን ያሳየ ቀላልና ጠቃሚ ሥራ ነው።

ከማሽን ለርኒንግ በፊትም ሞዴል ነበር። «ከፍተኛው የልብ ምትህ 220 ሲቀነስ ዕድሜህ ነው» የሚለውን የጂም አሠልጣኝ ሁሉ ያውቀዋል። በ1971 በፎክስና ባልደረቦቻቸው ጽሑፍ የወጣ፣ ቀደም ባሉ ጥናቶች ላይ በግምት የተሰመረ መስመር ነው። ታናካና ባልደረቦቻቸው በ2001 የ351 ጥናቶችንና የ18,712 ሰዎችን መረጃ አሰባስበው ወደ 208 ሲቀነስ 0.7 በዕድሜ አስተካከሉት። የ60 ዓመት ሰው በመጀመሪያው 160፣ በሁለተኛው 166 ያገኛል። ሁለቱም ግን የአማካይ ቀመሮች ናቸው፤ በአንድ ዕድሜ ላይ ያሉ ሁለት ጤነኛ ሰዎች ከፍተኛ ምታቸው በ20 ሊራራቅ ይችላል። የአማካይ ሰው ቀመር ለአንድ የተወሰነ ሰው ምን ያህል እንደሚያገለግል የተነሳው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም።

በመስኩ ውስጥ እንደ ኤምአይቲ-ቢአይኤች የዳታ ስብስብ የተደጋገመ ነገር የለም። ከ1975 እስከ 1979 ቦስተን በሚገኘው ቤዝ እስራኤል ሆስፒታል የተቀዱ 48 የኢሲጂ ቅጂዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት፣ ከ47 ሰዎች። ሐኪሞች ተቀምጠው ከ100,000 በላይ ምቶችን አንድ በአንድ ሰየሙ፦ ይህ ጤነኛ፣ ይህ ከታችኛው የልብ ክፍል ያለ ጊዜው የተነሳ፣ ይህ ከላይኛው። በ1980 ለሕዝብ ከቀረበ በኋላ የመስኩ መለኪያ ሆነ፤ ዛሬም የምረቃ ጥናት የሚሠራ ተማሪ አውርዶ ይጠቀምበታል። ይህን ትጋት አከብራለሁ። ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ብዙ ጽሑፎች እነዚያን ምቶች በአንድ ላይ ደባልቀው አራት አምስተኛውን ለማስተማሪያ፣ የቀረውን ለመፈተኛ ይወስዱና «99 በመቶ ትክክል» ብለው ያውጃሉ። የአንድ ሰው ልብ ግን ፊርማ አለው፤ የአር ጫፉ ቁመት፣ የሞገዱ ስፋት፣ የመስመሩ አቀማመጥ ከሰው ሰው ይለያያል። የአቶ እገሌ 1,500 ምቶች ማስተማሪያው ውስጥ፣ 400ዎቹ ደግሞ መፈተኛው ውስጥ ካሉ ሞዴሉ በሽታውን ማወቅ አያስፈልገውም፤ አቶ እገሌን ማወቁ ይበቃዋል። የፈተናውን ወረቀት አስቀድሞ አይቶ የገባ ተማሪ ያመጣው ውጤት ነው። ፊሊፕ ዴ ቻዛልና ባልደረቦቻቸው በ2004 ቅጂዎቹን በታማሚ ለዩ፦ 22ቱ ለማስተማሪያ፣ ሌሎች 22ቱ ለመፈተኛ፣ ልባቸው በፔስሜከር ከሚመታ ሰዎች የተቀዱት አራቱ ወጡ። ውጤቱ ወዲያው መሬት ወረደ። ከላይኛው የልብ ክፍል ያለ ጊዜያቸው የሚነሱትን ምቶች 75.9 በመቶ ያዙ፤ ሞዴሉ «አገኘሁ» ካላቸው ውስጥ እውነት የነበሩት ግን 38.5 በመቶ ብቻ ናቸው። እኔን ከ99 በመቶዎቹ ጽሑፎች ይልቅ ይህ ቁጥር ያሳምነኛል፤ ሐኪሙ ዘንድ ነገ የሚመጣው ሰው ሞዴሉ አይቶት የማያውቅ ሰው ነውና። ከ2004 በኋላም በድብልቅ መፈተን አለመቆሙ ያሳዝነኛል። ገምጋሚዎች «ታማሚዎቹ ተለይተዋል ወይ?» የሚለውን አንድ ጥያቄ ቢጠይቁ ግማሹ ጽሑፍ ተመልሶ ይስተካከል ነበር።

ጥልቅ ኒውራል ኔትወርክ ሲመጣ የዳታው መጠን ተቀየረ። በ2019 በስታንፎርዱ አውኒ ሃኑን የተመራው ቡድን ደረት ላይ በሚለጠፍ መሣሪያ ከ53,549 ሰዎች የተሰበሰቡ 91,232 ቅጂዎችን ተጠቅሞ 12 ዓይነት የምት ሁኔታዎችን የሚለይ ሞዴል አቀረበ። የልብ ሐኪሞች ጉባኤ ተስማምቶ በሰየማቸው የ328 ታማሚዎች ቅጂዎች ላይ ሲፈተን ሙሉ ውጤቱ 1 በሆነ መለኪያ ሞዴሉ 0.837፣ ሐኪሞቹ በአማካይ 0.780 አመጡ። እዚህ ታማሚዎቹ ተለይተዋል፤ ሥራው የተከበረውም ለዚህ ነው። በዚያው ዓመት የሜዮ ክሊኒክ ቡድን ከዚህ የሚያስገርም ነገር ይዞ መጣ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን፣ ማለትም የላይኛው የልብ ክፍል ተንቀጥቅጦ ምቱ ሥርዓት የሚያጣበት ሕመም፣ መጥቶ የሚሄድ በመሆኑ ምርመራ ላይ ሊያመልጥ ይችላል። ቡድኑ በ180,922 ሰዎች ኢሲጂ ተጠቅሞ፣ ምቱ ጤነኛ በሚመስልበት ሰዓት ከተነሳ የ10 ሰከንድ ኢሲጂ ብቻ ሕመሙ ያለበትን ሰው የሚጠቁም ሞዴል ሠራ። የሐኪም ዓይን በዚያ ወረቀት ላይ ምንም አያይም። ሞዴሉ ምን እንዳየ ሙሉ ማብራሪያ አለመኖሩ ግን ሐኪሙን አጣብቂኝ ውስጥ ይከተዋል፦ ያላየውን ምልክት አምኖ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይዘዝ?

ከሆስፒታሉ ወደ አንጓው ሲወረድ ቁጥሩ ይበዛል፣ ጥያቄውም ይቀየራል። የአፕል የልብ ጥናት ስማርት ሰዓት ያሰሩ 419,297 አሜሪካውያንን መዘገበ። «ምትህ ሥርዓት አጥቷል» የሚል መልእክት የደረሳቸው 2,161 ወይም 0.52 በመቶ ናቸው፤ ከ40 ዓመት በታች ካሉት 0.16 በመቶ፣ 65 ዓመት ከሞላቸው ጀምሮ ደግሞ 3.1 በመቶ። መልእክት ከደረሳቸው ውስጥ የተላከላቸውን የደረት ኢሲጂ አድርገው ለትንተና የመለሱት 450 ብቻ ነበሩ፤ ከእነዚህም ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተገኘባቸው 34 በመቶ። ሰዓቱና ኢሲጂው አብረው በታሰሩበት ጊዜ ግን ከማስጠንቀቂያዎቹ 84 በመቶው በኢሲጂው ተረጋግጧል። ሕመሙ መጥቶ የሚሄድ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች አይጋጩም።

ዕድሜ እዚህ ላይ ለምን እንደሚወስን በቀላል ስሌት ይታያል። 10,000 ወጣቶች ይኑሩ፣ ከእነሱ 20ዎቹ ሕመሙ ይኑርባቸው እንበል። ከ20ዎቹ 19ኙን የሚይዝ፣ ከጤነኞቹ ደግሞ አንድ በመቶውን ብቻ በስህተት የሚጠራ ሞዴል ጥሩ ሞዴል ነው። ግን 100 ያህል ጤነኛ ወጣቶችን ያስደነግጣል፤ ከ119 ማስጠንቀቂያዎች እውነቱ 19 ብቻ። ሞዴሉ ሳይበላሽ፣ የተሰጠው ሕዝብ ብቻ ተቀይሮ፣ ማስጠንቀቂያው ዋጋ ያጣል። እውነተኛውን ሕመም ማግኘት ራሱ በቂ አለመሆኑን ደግሞ በ2021 የወጣው የዴንማርኩ ሉፕ ጥናት አሳይቷል። ዕድሜያቸው የገፋ ከ6,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈው፣ ከቆዳ ሥር መቅጃ ከተቀበረላቸው 31.8 በመቶው፣ እንደ ወትሮው ከታዩት ደግሞ 12.2 በመቶው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ተገኘባቸው። በስትሮክ ቁጥር ላይ የታየው ቅናሽ ግን በአጋጣሚ ሊሆን ከሚችለው የዘለለ አልነበረም። ስለ ሰዓት ማስታወቂያ የሚያነብ ሁሉ ይህን ጥናት ቢያውቀው እመኛለሁ።

በእኔ ግምት ሰዓቶቹ እውነተኛ ጉልበታቸውን የሚያሳዩት ሰውን ከራሱ ጋር ሲያነጻጽሩ ነው። በ2020 የታተመ የ92,457 ሰዎች ጥናት የእረፍት የልብ ምት አማካዩ 65 ሆኖ ከሰው ሰው ከ40 እስከ 109 እንደሚደርስ አሳየ። ለአንዱ 80 ጤና ነው፤ ለሌላው፣ ዓመቱን ሙሉ 52 ለነበረው፣ 80 የሕመም ደወል ነው። የአንድ ሰው የእረፍት ምት ግን በሳምንታት ውስጥ ብዙ አይዋዥቅም። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች በኮቪድ ከተያዙ 32 ሰዎች በ26ቱ ላይ ከራሳቸው የተለመደ ሁኔታ የወጣ ለውጥ አግኝተዋል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም አካሄዱ ትክክለኛ ነው። በስፖርትም እንዲሁ ነው፦ በ2023 የአፕል ተመራማሪዎች ከ7,000 በላይ ሰዎች ባደረጓቸው ከ270,000 በላይ ሩጫዎች፣ የሰውነትን የኦክስጅን ፍላጎት የሚገልጹ የፊዚዮሎጂ እኩልታዎችን ከኒውራል ኔትወርክ ጋር አዋሕደው ለእያንዳንዱ ሯጭ የራሱን ሞዴል ሠሩ። እኩልታው ሊሆን የማይችለውን ይከለክላል፤ ኔትወርኩ ደግሞ ግለሰቡን ይማራል። ይህ ጋብቻ ከጥቁር ሣጥን ሞዴሎች የተሻለ ዕድሜ ይኖረዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንግባ፤ ነገሩ ሕይወትና ሞት የሚሆነው እዚያ ነው። በካሊፎርኒያ ተደርጎ በ2014 የታተመ ጥናት በአምስት ክፍሎች፣ በ77 አልጋዎች፣ በ31 ቀናት ከ2.5 ሚሊዮን በላይ የሞኒተር ማንቂያዎችን ቆጠረ። ከተመረመሩት 12,671 የምት መዛባት ማንቂያዎች 88.8 በመቶው ሐሰት ነበሩ። ነርሷ ደወሉን መስማት ብታቆም አይፈረድባትም።

በዚህ ጩኸት መሃል የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ራንዳል ሙርማንና ባልደረቦቻቸው ያለ ቀናቸው የተወለዱ፣ ክብደታቸው እጅግ ያነሰ ሕፃናትን ምት ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሕፃኑ በኢንፌክሽን ምክንያት ሴፕሲስ ወደሚባለው አደገኛ ሁኔታ ከመግባቱ ከሰዓታት በፊት፣ ገና መልኩ ሳይለወጥ፣ የምቱ መለዋወጥ ይደርቅና አልፎ አልፎ ለአጭር ጊዜ ዘግየት እያለ ይመለሳል። አማካዩ ቁጥር እንደነበረ ስለሚቆይ ሞኒተሩ አይጮኽም። እነሱ የሠሩት ሞዴል በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ትምህርት የሚሰጠው ሎጂስቲክ ሪግሬሽን ነው፤ ውጤቱም በየሰዓቱ ስክሪን ላይ የሚወጣ አንድ ቁጥር፦ ይህ ሕፃን በመጪዎቹ 24 ሰዓታት ያለበት ስጋት ከተለመደው ስንት እጥፍ ነው? በዘጠኝ ሆስፒታሎች 3,003 ሕፃናትን በዕጣ ከፍለው የሁሉንም ምት ለኩ፤ ቁጥሩ ለሐኪሞቹ የታየው ግን የግማሾቹ ብቻ ነው። ምን መደረግ እንዳለበት ትእዛዝ አልተሰጠም። በ2011 በታተመው ውጤት ቁጥሩ ካልታየላቸው 10.2 በመቶ፣ ከታየላቸው 8.1 በመቶ ሞቱ። አስቀድሞ ዋና መለኪያ ተብሎ በተያዘው፣ ያለ መተንፈሻ ማሽን በቆዩባቸው ቀናት ላይ ግልጽ ልዩነት አለመታየቱም አብሮ መነገር አለበት። ቢሆንም የልብ ምት ሞዴል ሞትን ሊቀንስ እንደሚችል በዕጣ በተከፈለ ጥናት ያመለከተ ሥራ ብርቅ ነው፤ ያመለከተውም ከሁሉ ቀላሉ ሞዴል ነው። ያ ቁጥር ነርሷን ወደ ሕፃኑ አልጋ ይጠራታል፣ አንቲባዮቲኩም እጅ ላይ አለ።

ኢንፋንት የተባለው የብሪታንያና የአየርላንድ ጥናት ከዚህ ጎን ይነበብ። ምጥ ላይ ካሉ እናቶች የሚቀዳውን የፅንስ ልብ ምት የሚተረጉም ሶፍትዌር ከ46,000 በላይ እናቶች ላይ ተፈተነ። መጥፎ ውጤት የደረሰባቸው ሕፃናት በሶፍትዌሩ በኩል 172፣ ያለ ሶፍትዌሩ 171፤ በሁለቱም ወገን 0.7 በመቶ። የሰለጠኑ አዋላጆች ባሉበት ክፍል ሌላ አንባቢ መጨመሩ የሚወለዱትን ሕፃናት ዕጣ አልቀየረም።

ወደ እኛ ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ በመጀመሪያ የሚነሳው የቆዳ ቀለም ነው። በ2020 በታተመ ጥናት፣ ጣት ላይ በሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ንባባቸው መልካም ከነበረ ታማሚዎች መካከል ኦክስጅናቸው በእርግጥ አንሶ የተገኙት ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶ፣ ከነጮቹ 3.6 በመቶ ነበሩ። ለልብ ምት ግን በዚያው ዓመት በ53 ሰዎች ላይ የተደረገ የሰዓቶች ጥናት በቆዳ ቀለም የጎላ ልዩነት አላገኘም፤ የጎላው ስህተት በእንቅስቃሴ ጊዜ ነው። ሁለቱን አለመደባለቅ ይገባል። ሁለተኛው ከፍታ ነው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባሳተሙት ጥናት 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ የደማቸው ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ብዙ እንደማይለይ፣ በዚህም ከአንዲስም ከቲቤትም ነዋሪዎች እንደሚለዩ አሳዩ። የከፍታን ጫና ከሌላ ሕዝብ የተማረ ሞዴል እዚህ ሊስት እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከሁለቱም የሚበልጥብኝ ግን ሦስተኛው ነው። የምዕራቡ ዳታ ኤትሪያል ፊብሪሌሽንን በዋናነት የሽማግሌ ሕመም አድርጎ ነው የሚያውቀው። እኛ ዘንድ በልጅነት በተደጋጋሚ ቶንሲል ሰበብ የሚመጣው ሩማቲክ የልብ ሕመም ቫልቭን አጥብቦ ወጣቶችን ለዚህ ሕመም ይዳርጋል፤ ብዙዎቹም ሴቶች ናቸው፣ አንዳንዶቹም ሕመማቸውን የሚያውቁት በእርግዝና ወቅት ትንፋሽ ሲያጥራቸው ነው። የአፕል ሰዓት ማስጠንቀቂያ የተፈቀደው ከ22 ዓመት ጀምሮ ላሉ ነው፤ የ19 ዓመት ታማሚ ከመጀመሪያው ከስሌቱ ውጭ ናት። ደም የሚያቀጥነው መድኃኒትም ይለያል። በ24 የአፍሪካ፣ የእስያና የላቲን አሜሪካ አገሮች በ4,531 ታማሚዎች ላይ የተደረገው ኢንቪክተስ ጥናት በ2022 እንዳሳየው፣ ሩማቲክ ላለባቸው ከአዲሱ ሪቫሮክሳባን ይልቅ አሮጌው ዋርፋሪን ይሻላል።

ስለዚህ በአገራችን ሆስፒታሎች እንዲህ ያለ ሞዴል ይሠራ ቢባል፣ ከቦስተን የመጡትን 47 ሰዎች እንደገና ከማስላት በፊት በወረቀት ታትሞ በካርድ ውስጥ ታጥፎ የሚቀረውን ኢሲጂ በዲጂታል ማስቀመጥ፣ ከልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ውጤቱ ጋር ማያያዝ፣ ማስተማሪያና መፈተኛውን በታማሚ ብቻ ሳይሆን በሆስፒታልም መለየት ይቀድማል። ቀጥሎ የቨርጂኒያው ዓይነት ጥናት፦ ቁጥሩ በዕጣ በግማሾቹ ሐኪሞች ስክሪን ላይ ይውጣ፣ የሁለቱም ወገን ስትሮክና ሞት ይቆጠር። ከዚያ በፊት ደግሞ የዋርፋሪን ክትትል ይታሰብ፤ ማስጠንቀቂያው የደረሳት ወጣት በየጊዜው ደሟን ሰጥታ የመርጋት ጊዜውን (አይኤንአር) የምትለካበት ላብራቶሪ በአንድ ቀን ደርሳ በምትመለስበት ርቀት መኖር አለበት።